ነገረ ዝልግልግነት፤ የፈሳሾች እምቢታና መስፈሪያው

ስለ ፈሳሾች ዝልግልግነት የሚነሣው ጥያቄ ላይ ላዩን ለሚያየው አንድ ይመስላል፤ ጠልቆ ለሚመረምረው ግን ሁለት ነው። የመጀመሪያው ይህ ወይም ያ ፈሳሽ ለመፍሰስ የሚያሳየው እምቢታ ምን ያህል ነው የሚለው ሲሆን፣ ለዚህ መልስ የሚሆኑ ሠንጠረዦች በየትምህርት መጽሐፉ መጨረሻ ታትመው ይገኛሉ። ሁለተኛው ደግሞ ያ በሠንጠረዥ የሰፈረው ቁጥር በእውነት የፈሳሹ የራሱ ባሕርይ ነውን፣ ወይስ ፈሳሹ ከመለኪያው፣ ከሙቀቱ፣ ከፍጥነቱና ከተሰጠው ጊዜ ጋራ ሲገናኝ ብቻ የሚወለድ ነገር ነው የሚለው ነው። ለዚህኛው ጥያቄ ሊቃውንቱ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ከተመራመሩ በኋላም ፍጹም ስምምነት ላይ አልደረሱም፤ እንዲያውም መለኪያዎቹ እየረቀቁ በሄዱ መጠን ክርክሩ እየሰፋ መጥቷል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውል።

የሐሳቡ መነሻ

ነገሩን በሥርዓት ለመጀመሪያ ጊዜ ያኖረው ይስሐቅ ኒውተን ነው። በ1687 ባወጣው ፕሪንኪፒያ በተባለው መጽሐፉ ሁለተኛ ክፍል፣ አንዱ የፈሳሽ ንጣፍ በሌላው ላይ ሲንሸራተት የሚነሣው ተቃውሞ ንጣፎቹ እርስ በርሳቸው ከሚለያዩበት ፍጥነት ጋራ በተመጣጣኝ ያድጋል ሲል አንድ መላ ምት አኖረ። የወፍራም መጽሐፍ ላይኛውን ሽፋን በመዳፉ ወደ ጎን የሚገፋ ሰው ቅጠሎቹ ሁሉ ጥቂት በጥቂት እየተንሸራተቱ ሲከተሉና የታችኛው ቅጠል ከጠረጴዛው ሳይነቃነቅ ሲቀር እንደሚያይ፣ ኒውተንም ፈሳሽን የተመለከተው በዚሁ ዓይነት ነበር። ነገር ግን መርሳት የማይገባው፣ ኒውተን ይህን ያለው ማርና ዘይት አስፍሮ ሳይሆን፣ ፈለኮችን ሰማይን በመላ ረቂቅ አዙሪት ይነዳቸዋል የሚለውን የዴካርትን ትምህርት ለማፍረስ ነበርና፣ ቃሉ መላ ምት እንጂ በሙከራ የተረጋገጠ ሕግ አልነበረም። ዛሬ የኒውተን ሕግ እየተባለ የሚጠራው ነገር ቢያንስ መቶ አምሳ ዓመት ያህል ምስክር ሳይገኝለት ቆይቷል።

ከዚህ መላ ምት የሚወጡ ሁለት ልዩነቶች አሉ፤ ብዙ ስሕተት የሚመጣውም እነዚህን ካለመለየት ነው። አንደኛው የክብደትና የዝልግልግነት ልዩነት ነው። ዘይት በውሃ ላይ የሚንሳፈፈው እፍግታው ከውሃ ስለሚያንስ ነው፤ ቢሆንም በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ የወይራ ዘይት ዝልግልግነት ከውሃው ሰማንያ ጊዜ ያህል ይበልጣል፣ የጉሎ ዘይት ደግሞ አንድ ሺህ ጊዜ ያህል። በአንጻሩ ከውሃ ዐሥራ ሦስት እጥፍ ተኩል የሚከብደው ባዜቃ በዝልግልግነት ውሃን የሚበልጠው በግማሽ ያህል ብቻ ነው። ሁለተኛው ልዩነት ይረቅቃል፤ ፈሳሹ የሚያሳየው እምቢታ ለብቻው ሲቈጠርና ያው እምቢታ በእፍግታው ተካፍሎ ሲቈጠር አንድ አይደለም። የመጀመሪያው ፈሳሹን ለመግፋት ምን ያህል ኃይል እንደሚያስፈልግ ይናገራል፤ ሁለተኛው ፈሳሹ በራሱ ክብደት ሲወርድ ምን ያህል እንደሚፈጥንና እንቅስቃሴው ምን ያህል ቶሎ እንደሚበርድ ይናገራል። ባዜቃ በመጀመሪያው ሚዛን ከውሃ በላይ ሲሆን በሁለተኛው ሚዛን ከውሃ በታች፣ የዚያም አንድ ዘጠነኛ ያህል ነው። እንግዲህ ከሁለቱ የትኛው ይበልጥ ዝልግልግ ነው ተብሎ ለሚጠየቅ ሰው፣ በየትኛው ሚዛን ብሎ መልሶ መጠየቅ ግዴታው ነው።

መሐንዲሱና ሐኪሙ

ምስክሩ የተገኘው ከሁለት ሰዎች ነው፤ አንዱ ሌላውን ሳያውቅ ወደ አንድ ነገር ደረሱ። ጎትሂልፍ ሃገን የተባለ የፕሩስያ የውሃ ሥራ መሐንዲስ በ1839 በቀጫጭን የነሐስ ቱቦዎች ውሃ አሳልፎ፣ የሚፈሰው መጠን ከቱቦው ስፋት አራተኛ ርቢ ጋራ እንደሚያድግ ተረዳ፤ ልኬቱ በትክክል የሰጠው 4.12 ቢሆንም እርሱ 4 መሆን አለበት ብሎ ፈረደ፣ ፍርዱም ትክክል ሆነ። ዣን ፖይዙይ የተባለው የፓሪስ ሐኪም ደግሞ የተነሣው ከሌላ ጉዳይ ነበር፤ ደም በረቂቃን የደም ሥሮች ውስጥ እንዴት እንደሚያልፍ ማወቅ ይፈልግ ነበር። ነገር ግን ደም ከሰውነት ከወጣ በኋላ ስለሚረጋና በዚያ ዘመን ይህን የሚከለክል መድኃኒት ስላልነበረ፣ ሥራውን በተጣራ ውሃ ላይ መሠረተ፤ ስፋታቸው ከአንድ ሚሊሜትር እጅግ ያነሱ የመስታወት ቱቦዎችን መርጦ፣ ግፊቱን፣ ርዝመቱን፣ ስፋቱንና ሙቀቱን እየለዋወጠ ለብዙ ዓመታት ለካ፤ ውጤቱም በ1846 ተጠቃሎ ታተመ። እንደ እርሱ ሥራ ከሆነ፣ የቱቦው ስፋት በእጥፍ ቢያድግ የሚያልፈው ፈሳሽ በዐሥራ ስድስት እጥፍ ያድጋል።

ፖይዙይ በቀመሩ ውስጥ አንድ የማይለወጥ ቁጥር ቢያገባም ያ ቁጥር የፈሳሹ ውስጣዊ ሰበቃ መግለጫ መሆኑን አልተናገረም። ይህን ያገናኙት ከእርሱ በኋላ የመጡት ቪደማንና ሃገንባኽ ናቸው፤ ናቪየ በ1820ዎቹ፣ ስቶክስም በ1845 የጻፏቸው የፍሰት እኩልታዎች ከፖይዙይ ልኬት ጋራ የሚስማሙ ሆነው በተገኙ ጊዜ የኒውተን መላ ምት ሕግ ለመባል በቃ። በታሪኩ ውስጥ ያለው ምጸት ግን ከልብ የሚወጣ አይደለም፤ የዝልግልግነት አሮጌ መስፈርት ፖይዝ ተብሎ በሐኪሙ ስም ሲጠራ፣ ሐኪሙ ሊያውቀው የፈለገው ደም ግን ለሕጉ የማይታዘዝ ሆኖ ተገኘ። ፎሬዩስና ሊንድክቪስት የተባሉ የስዊድን ተመራማሪዎች በ1931 እንዳሳዩት፣ ቱቦው ከ0.3 ሚሊሜትር በታች ሲጠብ ቀይ የደም ሕዋሳት ወደ መካከል ስለሚሰበሰቡና ቀጭኑ ፈሳሽ በዳር ስለሚቀር፣ የደሙ ዝልግልግነት የቀነሰ ይመስላል። ያው ደም በሁለት ቱቦ ሁለት ቁጥር ሰጠ ማለት ነው።

የመለኪያዎቹ ነገዶች

ዛሬ በቤተ ሙከራ የሚሠራባቸው መለኪያዎች ብዙ ይምሰሉ እንጂ ዘራቸው ሲቈጠር ከአራት አይበልጡም። የመጀመሪያው ቀጭን ቱቦ ነው፤ ቪልሄልም ኦስትቫልድ ያቃናው የመስታወት መሣሪያና ኡበሎህደ ያሻሻለው ተከታዩ፣ ፈሳሹ ከላይኛው ምልክት ወደ ታችኛው ለመውረድ የሚፈጅበትን ጊዜ በሰዓት ይቈጥራሉ። ርካሽና እጅግ ትክክለኛ ናቸው፤ ነገር ግን ፈሳሹን የሚነዳው የራሱ ክብደት ስለሆነ በቀጥታ የሚሰጡት በእፍግታ የተካፈለውን ቁጥር ነው። ሁለተኛው ስቶክስ በ1851 ባስተማረው ሕግ የሚሠራ፣ በፈሳሹ ውስጥ የሚወርድ ኳስ ነው። ሦስተኛው ሞሪስ ኩዌት በ1890 የገለጸው፣ አንዱ በአንዱ ውስጥ ከሚገቡ ሁለት ክብ በርሜሎች መካከል ፈሳሹን አኑሮ አንዱን የሚያዞር ነው። አራተኛው በፈሳሽ ውስጥ ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዝ ሰሌዳ ሲሆን፣ ኩሎም ቀድሞ ሠርቶበታል፤ ማክስዌልም ከባለቤቱ ከካተሪን ጋራ ሎንዶን በሚገኘው ቤቱ የአየርን ዝልግልግነት የለካው በዚሁ ዓይነት ነበር።

ንግዱ ግን ሊቃውንቱን አልጠበቀም። የመብራትና የመኪና ዘይት ገበያ በተስፋፋ ጊዜ፣ ጀርመኖች በኤንግለር፣ እንግሊዞች በሬድዉድ፣ አሜሪካውያን በሴይቦልት ስም የሚጠሩ፣ ከታች ቀዳዳ ያላቸው ጽዋዎች አበጁ፤ አንዱ 200፣ ሌላው 50፣ ሦስተኛውም 60 ሚሊሊትር ዘይት አፍስሶ ጊዜውን ይቈጥራል። ቀዳዳው አጭር በመሆኑ የጽዋው ንባብ ከእውነተኛው ዝልግልግነት ጋራ በቀጥታ አይመጣጠንም፤ ይልቁንም ቀጭን በሆኑት ዘይቶች ላይ መዛባቱ ይበዛል። ስለዚህ የሦስቱን ጽዋዎች ቁጥር አንዱን ወደ ሌላው ለመመለስ ረጃጅም ሠንጠረዦች አስፈለጉ፤ ይህም መሣሪያው ራሱ ትርጓሜውን በሚሰጥበት ጊዜ ምን እንደሚደርስ ያሳያል።

የልኬቱ ስሕተት ከፈሳሾች መዝገብ ውጭ እንኳ ምን ያህል እንደሚዘልቅ ለማወቅ ሚሊካንን ማስታወስ ይበቃል። የኤሌክትሮንን ሙል የለካው በአየር ውስጥ በሚወርዱ የዘይት ጠብታዎች ነበር፤ ስሌቱም በስቶክስ ሕግ የሚመራ በመሆኑ የአየርን ዝልግልግነት ይፈልግ ነበር። የተጠቀመበት የአየር ቁጥር በጥቂቱ ያነሰ ስለነበር የኤሌክትሮኑም ሙል ከእውነተኛው አነሰ፤ ጉድለቱም የታረመው በ1930ዎቹ ነው።

አንድ ቁጥር፣ ሃያ ዓመት

በዓለም ያሉት የዝልግልግነት መለኪያዎች ከሞላ ጎደል ሁሉ ሚዛናቸውን የሚያገኙት ከውሃ ነው፤ የአንዱ ቱቦ ቁጥር በታወቀ ዘይት ይስተካከላል፣ ያ ዘይት በሌላ ቱቦ፣ ያም በሌላ፣ መጨረሻው በ20 ዲግሪ ላይ ያለ ንጹሕ ውሃ ነው። ስለዚህ የውሃ ቁጥር ቢሳሳት ሠንጠረዡ በሙሉ አብሮ ይሳሳታል። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አጋማሽ ተቀባይነት የነበረው 1.005 ሚሊፓስካል ሰከንድ ነበር። በዋሺንግተን ይገኝ የነበረው የአሜሪካ መንግሥት የመስፈርት መሥሪያ ቤት ይህን ለማረጋገጥ በ1931 ሥራ ጀመረ፤ ጦርነቱ መካከል ላይ ገብቶ ስላቋረጠው ስዊንደልስ፣ ኮና ጎድፍሬይ የተባሉት ተመራማሪዎች ውጤቱን ያሳተሙት በ1952 ነው፤ ቁጥሩም 1.0019 ሆነ፣ በማጠጋጋትም 1.002 ተብሎ ተደነገገ። በውሃ የተስተካከለው ሁሉ በሺህ ሦስት ያህል ወረደ ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ የሆነው ይበልጥ ያስተምራል። የዋሺንግተኑ ጥናት ያመነበት የስሕተት ወሰን ከ10,000 ሦስት ያህል ብቻ ነበር። ነገር ግን በየአገሩ በሌላ ዘዴ የተደረጉ ልኬቶች ሲነጻጸሩ ልዩነታቸው ከዚያ ወሰን የሰፋ ሆነ፤ ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት በ1998 ቁጥሩን 1.0016 ብሎ ሲያጸና የስሕተቱን ወሰን ከመቶ 0.17 አደረገው። ከግማሽ መቶ ዓመት በኋላ የታወቀው ቁጥር ከመጀመሪያው ይልቅ እርግጠኛ ያልሆነ ሆኖ ተመዘገበ። አንዳንዶች ይህን እንደ ውድቀት ያዩታል፤ ለዚህ ጸሐፊ ግን በዘርፉ ከተጻፉት ሁሉ እጅግ ቅን የሆነው ዐረፍተ ነገር ይኸው ወሰን ነው።

ሙቀት

ሙቀትን ሳይጠቅስ የዝልግልግነት ቁጥር የሚናገር ሰው ምንም አልተናገረም። ውሃ በ0 ዲግሪ 1.79፣ በ20 ዲግሪ 1.00፣ በ100 ዲግሪ 0.28 ሚሊፓስካል ሰከንድ ነው፤ ግሊሰሪን በ20 ዲግሪ ከ1,400 በላይ ሲሆን አምስት ዲግሪ ሲሞቅ ብቻ ሢሶውን ያህል ያጣል። ማርም እንደዚሁ ነው፤ ይልቁንም በውስጡ ያለው የውሃ መጠን ጥቂት ሲለወጥ ዝልግልግነቱ እጅግ ስለሚለዋወጥ፣ የማር ዝልግልግነት ይህን ያህል ነው ብሎ አንድ ቁጥር መስጠት አይቻልም። የጋዞች ጠባይ ደግሞ ተቃራኒ ነው፤ ሲሞቁ ዝልግልግነታቸው ይጨምራል፤ ምክንያቱም በፈሳሽ ውስጥ ሰበቃው የሚመጣው ከቅንጣቶቹ መሳሳብ ሲሆን በጋዝ ውስጥ ግን ከቅንጣቶቹ ወዲያና ወዲህ መመላለስ ነው።

በየጋራዡ 40 ቁጥር እየተባለ የሚሸጠው የሞተር ዘይት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ቁጥሩ ዝልግልግነትም ሙቀትም አይደለም፤ ዘይቱ በ100 ዲግሪ ሲለካ በእፍግታ የተካፈለው ዝልግልግነቱ ከ12.5 እስከ 16.3 ስኩዌር ሚሊሜትር በሰከንድ ባለው ክልል ውስጥ መግባቱን የሚገልጽ የደረጃ ስም ነው። 10ደብልዩ-40 ሲባል ደግሞ ሌላ የብርድ ፈተናም ማለፉን ይናገራል። ኋላ ላይ ይህም አልበቃም፤ ዘይቶቹ ፖሊመር ሲጨመርባቸው በሞተሩ ጠባብ ክፍተት ውስጥ በኃይል ሲሻሹ ይቀጥኑ ጀመርና፣ በ150 ዲግሪና በታላቅ ፍጥነት የሚደረግ ሦስተኛ ፈተና ታከለ።

ሕጉን የማይታዘዙት

ውሃ፣ አልኮል፣ ባዜቃ፣ ግሊሰሪንና ንጹሕ ዘይት ለኒውተን ሕግ ይታዘዛሉ፤ ቀስ ብለው ቢገፉም ቸኩለው ቢገፉም ቁጥራቸው አንድ ነው። ቀለም፣ ደም፣ እርጎ፣ የቲማቲም ድልህና የጥርስ ሳሙና ግን እንዲህ አይደሉም። ብዙዎቹ በተገፉ መጠን ይቀጥናሉ፤ ጥቂቶች ደግሞ በተገፉ መጠን ይወፍራሉ፤ ሌሎች ከተነቃነቁ በኋላ ቢያርፉ ቀስ በቀስ ወደ ጥንቱ ውፍረታቸው ይመለሳሉ። ዩጂን ቢንገም በ1916 ስለ ጭቃ፣ ቀጥሎም ስለ ግድግዳ ቀለም ባደረገው ጥናት፣ አንዳንዶቹ የተወሰነ ጫና እስኪደርስባቸው ድረስ ፈጽሞ እንደማይፈሱና ከዚያ በኋላ ብቻ እንደሚፈሱ አስተማረ፤ በ1929 በአሜሪካ የተቋቋመው የፍሰት ጥናት ማኅበርም መሪ ቃሉን ሁሉ ይፈስሳል ከሚለው ለሄራቅሊጦስ ከሚሰጠው አባባል ወሰደ።

የመነሻ ጫናው ክርክር

ቢንገም የመነሻ ጫና አለ ሲል፣ እርሱ የመሠረተው ማኅበር መፈክር ግን ሁሉ ይፈስሳል ይላል፤ ሁለቱ እንዴት ይስማማሉ? ለብዙ ዘመን ማንም አልጠየቀም። በ1985 ግን ባርንስና ዋልተርስ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት የመነሻ ጫና አፈ ታሪክ ነውን ብሎ በርእሱ የሚጠይቅ ጽሑፍ አወጡ። ክርክራቸው፣ እጅግ ጥቃቅን ጫናዎችን መስጠት የሚችል አዲስ መሣሪያ በተገኘ ጊዜ፣ አይፈሱም የተባሉት ነገሮች ሁሉ እጅግ በዝግታ እንደሚፈሱ ታይቷል፤ እንግዲህ አይፈስም ማለት የመለኪያው ትዕግሥት ማለቅ እንጂ የነገሩ ጠባይ አይደለም የሚል ነው።

መልሱ ከሁለት ወገን መጣ። አንደኛው ወገን የመሐንዲሶቹ ነው፤ ሃርትኔትና ሁ በ1989 እንደጻፉት፣ ነገሩ በፍልስፍና ረገድ እንዴትም ይሁን፣ ለቱቦና ለፓምፕ ሠሪ የመነሻ ጫና እውነት ነው፤ ግድግዳ ላይ የተቀባ ቀለም በአንድ ሌሊት ካልወረደ ከሚሊዮን ዓመት በኋላ ቢወርድ ለማን ይቈጠራል? ሁለተኛው ወገን የልኬቱን ማስረጃ ራሱን ያጠቃል። ሞለር፣ ፋልና ቦን በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ በዝቅተኛ ጫና የተገኘው ዝልግልግነት ቋሚ ቁጥር አይደለም፤ በቈየ መጠን ያለ ወሰን እያደገ ይሄዳል፤ ስለዚህ የባርንስ ዝግታ ፍሰት ሳይሆን ገና ያልተጠናቀቀ መቆም ነው አሉ። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት የኋለኞቹ ማስረጃ ይመዝናል፤ ሆኖም ክርክሩን አልዘጋውም፤ ምክንያቱም ጊዜው እየረዘመ ሲሄድ ናሙናው ራሱ ያረጃል፣ ውሃው ይተናል፣ ቅንጣቶቹ ይረጋሉ፤ ያን ጊዜ የሚለካው ያው ነገር ነው ማለት አይቻልም።

ቅጥራንና መስታወት

የዘገምተኛ ፍሰት ዝነኛው ሙከራ ቶማስ ፓርኔል በ1927 በአውስትራሊያ ኩዊንስላንድ ዩኒቨርስቲ የጀመረው ነው፤ በመስታወት ማጥለያ የተቀመጠው ቅጥራን በመዶሻ ቢመታ የሚሰባበር ሲሆን፣ ግንዱ በ1930 ከተቈረጠ ጀምሮ እስከ 2014 ዘጠኝ ጠብታ ብቻ አንጠባጥቧል። ከዚሁ ተሰልቶ በ1984 የታተመው ዝልግልግነት የውሃን 230 ቢሊዮን ጊዜ ያህል ነው። ዝናው የሚገባው ቢሆንም እንደ ልኬት ግን ደካማ ነው፤ የክፍሉ ሙቀት ከወቅት ወቅት ይለዋወጥ ነበርና።

መስታወትም እንዲሁ ይፈስሳል፣ ማስረጃውም ከታች የወፈረው የጥንት ካቴድራሎች መስኮት ነው የሚለው ወሬ እስካሁን ይሰማል። ይህ ከክርክር ሊቈጠር አይገባም፤ ሐሰት ነው። በ2018 የታተመ ጥናት በለንደን የዌስትሚንስተር ቤተ ክርስቲያንን መስታወት ቅንብር መሠረት አድርጎ፣ በክፍል ሙቀት ያለው ዝልግልግነት ከ1 ቀጥሎ 24 ዜሮ በሚጻፍበት ፓስካል ሰከንድ የሚቈጠር፣ በቢሊዮን ዓመት የሚፈሰውም ከአንድ ናኖሜትር የማይበልጥ መሆኑን አሳየ። ውፍረቱ የመጣው ከመካከለኛው ዘመን የመስታወት አሠራር ነው።

ሁለት መለኪያ፣ ሁለት መልስ

በ1938 መጀመሪያ ላይ ካፒትሳ ከሞስኮ፣ አለንና ማይዝነር ከካምብሪጅ፣ ከ2.17 ኬልቪን በታች የቀዘቀዘ ሂሊየም በጠባብ ክፍተት ያለ አንዳች እምቢታ እንደሚያልፍ በየበኩላቸው አስታወቁ፤ ዝልግልግነቱ ዜሮ ነው ተባለ። በዚያው ዓመት በላይደን በሚወዛወዝ ሰሌዳ የተለካው ያው ሂሊየም ግን ጥቂት ቢሆንም ዜሮ ያልሆነ ዝልግልግነት አሳየ። ከሁለቱ መለኪያዎች አንዱም አልተሳሳተም። ቲሳና ላንዳው እንዳስረዱት ሂሊየሙ እንደ ሁለት ፈሳሽ ይሆናል፤ ጠባቡ መንገድ ሰበቃ የሌለበትን ክፍል ብቻ ያሳልፋል፣ ሰሌዳው ደግሞ ሰበቃ ባለበት ክፍል ይያዛል። በመግቢያው የተነሣው ሁለተኛ ጥያቄ በሙከራ ገሃድ የወጣው እዚህ ላይ ነው።

ያልተፈታው ሌላው ነገር ግድግዳው ነው። እስካሁን የተጠቀሱት ቀመሮች ሁሉ ግድግዳውን የነካው ንጣፍ ፈጽሞ አይንቀሳቀስም ብለው ያምናሉ። ኩሎም በ1800 ሰሌዳውን በሞራ ቀብቶ ኋላም የድንጋይ ዱቄት ነስንሶበት ሲያወዛውዘው የመብረዱ ፍጥነት እንዳልተለወጠ አይቶ ነበርና፣ ነገሩ ያለቀ መስሎ ነበር። ናቪየ ግን ከመጀመሪያው በግድግዳው ላይ መንሸራተት ሊኖር ይችላል ብሎ ነበር፤ ካለፈው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ በረቂቅ መሣሪያዎች የተደረጉ ልኬቶችም፣ ውሃን በማይቀበሉ ልሙጥ ገጾች ላይ በዐሥር ናኖሜትሮች የሚቈጠር መንሸራተት እንዳለ ያመለክታሉ። በፖይዙይ ቱቦዎች ይህ ከቁም ነገር አይገባም፤ ስፋታቸው በናኖሜትር ለሚቈጠር መተላለፊያዎች ግን ዋናው ነገር ይሆናል። ይሁን እንጂ የተለያዩ ቤተ ሙከራዎች ለተመሳሳይ ገጽ የሰጡት ርዝመት ከዜሮ እስከ ማይክሮሜትር ድረስ ይለያያል፤ ከዚህም ውስጥ የፈሳሹ የራሱ መንሸራተት የቱ እንደሆነ፣ በገጹ ላይ የተጣበቁ ረቂቃን የአየር አረፋዎች ያመጡት ደግሞ የቱ እንደሆነ ለመለየት የሚደረገው ሙግት እንደቀጠለ ነው።